ስለ ትንሿ የግቢ ትራክተር፣ ስለ ቀለሟና ስለ ነዳጅ ጌጇ



ለዘንድሮው መጽሔታችን እያንዳንዱ አባል የሚያውቀውን እንዲጽፍ በጠቅላላ ጉባኤ ሲነገር እኔ ምን አውቃለሁ ብዬ ዝም ብዬ ነበር። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ዕድሜዬን የፈጀሁት በዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊነት፣ ሞዴል 19 እና ሞዴል 22 ስቆርጥ ነው። ኋላ ግን ባለቤቴ «የዚያችን የትራክተር ነገር ለምን አትጽፋትም? ይኸው አርባ ዓመት በልብህ ይዘሃት ትዞር የለም ወይ?» አለችኝ። እውነቷን ነው።

«እድርና ትራክተር ምን አገናኛቸው?» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ትንሽ ቢታገሱኝ መጨረሻው ላይ ይገናኛሉ። በመጀመሪያ ግን ታሪኩን ከሥሩ ልጀምር። ከጡረታ ወዲህ ጊዜ ስላለኝ ስለ ትራክተር የተጻፈ ነገር ባገኘሁ ቁጥር ማንበብ ልማዴ ሆኗል።

ትራክተር ከየት መጣ?

ትራክተር የሚለው ቃል ሥሩ ላቲን ሲሆን ትርጉሙም ጎታች ማለት ነው። ፈረንጆቹም እንደኛው ለብዙ ዘመን በበሬና በፈረስ ሲያርሱ ኖረው፣ ከዚያ በእንፋሎት የሚሠራ ከባድ ሞተር አመጡ። እ.ኤ.አ. በ1892 አሜሪካ አገር፣ አዮዋ በተባለው ግዛት፣ ጆን ፍሮሊክ የተባለ ሰው በቤንዚን የሚሠራና ወደ ፊትም ወደ ኋላም የሚሄድ ትራክተር ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1917 ደግሞ ሄንሪ ፎርድ ፎርድሰን የተባለውን ትራክተር በብዛት ማምረት ጀመረና ዋጋው ለተራው ገበሬ ቀረብ አለ።

ሆኖም ፎርድሰን አንድ ክፉ አመል ነበረበት። ከኋላ የተጎተተው ማረሻ ድንጋይ ወይም ጉቶ ከነከሰ የትራክተሩ አፍንጫ ወደ ላይ ተነሥቶ ሾፌሩን ከሥሩ ይገለብጠው ነበር። ብዙ ሰው በዚህ አልቋል። ይህንን ያሻሻለው ሃሪ ፈርጉሰን የተባለ የአየርላንድ ተወላጅ ነው። ማረሻውን በሦስት ክንድ ከትራክተሩ ጋር አያይዞ፣ በዘይት ግፊት ከፍ ዝቅ እንዲል አደረገው። ዛሬ በየአገሩ የምናየው ትራክተር ሁሉ ከኋላው ያሉት ሦስት ክንዶች የእሱ ፈጠራ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1956 እንግሊዝ አገር ኮቨንትሪ ከተማ ውስጥ ቲ.ኢ. 20 የተባለው ትንሹ ግራጫ ትራክተሩ ከ500 ሺህ በላይ ተመርቷል።

ኤድመንድ ሂላሪ፣ ያ ኤቨረስት ተራራ ጫፍ የወጣው ሰው፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1958 በእነዚሁ የፈርጉሰን ትራክተሮች በበረዶው ላይ እየነዳ ደቡብ ዋልታ ደርሷል። ትራክተሮቹ በነጩ በረዶ ላይ ከሩቅ እንዲታዩ ግራጫነታቸው ቀርቶ ቀይ ተቀቡ። ሲደርሱም የቀራቸው ነዳጅ ጥቂት ነበር። እንግዲህ ቀለምና ነዳጅ ለሰው ሕይወት ምን ያህል እንደሚያስፈልጉ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የግቢ ትራክተር የሚባለው

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አሜሪካኖች ከከተማ ወጣ እያሉ ሰፊ ግቢ ያለው ቤት መሥራት ጀመሩ። ሣሩን ለማጨድ፣ አትክልቱን ለመኮትኮት፣ በረዶውን ለመጥረግ ትልቁ ትራክተር አይመች፣ በእጅ የሚገፋው ማጨጃም አይበቃ። በዚህ ጊዜ የግቢ ትራክተር የሚባለው ተወለደ። እ.ኤ.አ. በ1946 ሴሲል ፖንድ የተባለ ሰው ኢንዲያና ውስጥ ኋላ ዊል ሆርስ የተባለውን ድርጅት መሠረተ። እ.ኤ.አ. በ1961 ኢንተርናሽናል ሃርቬስተር ከብ ካዴትን፣ በ1963 ደግሞ ጆን ዲር 110 የተባለውን አወጡ። ጉልበታቸው የ7 ፈረስ ያህል ነበር፤ የዛሬ ትንሽ ሞተር ብስክሌት ማለት ነው።

በቀለምም ይለያያሉ። ዊል ሆርስ ቀይ፣ ከብ ካዴት ቢጫና ነጭ፣ ጆን ዲር አረንጓዴና ቢጫ ነው። ገበሬው ከሩቅ በቀለሙ ያውቀዋል፤ እኛ የመንደራችንን ሰው በአረማመዱ እንደምናውቀው። ጆን ዲር እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1971 ደግሞ እመቤቶችን ደስ ለማሰኘት ብሎ ነጭ ትራክተር ሠርቶ፣ ኮፈኑንና መቀመጫውን ቀይ፣ ብርቱካን፣ ቢጫ ወይም ሰማያዊ አድርጎ ሸጠ። ብዙም አልተወደደለትም። ዛሬ ግን አሮጌ ዕቃ ሰብሳቢዎች እነዚያኑ ይፈልጓቸዋል ይባላል።

ወደኛ አገር ሲመጣ

በአገራችን ትራክተር የመጣው ከደስታም ከኀዘንም ጋር ነው። በ1960 ዓ.ም. ከስዊድን መንግሥት ጋር በመተባበር የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት አሰላ ላይ ሲቋቋም ዓላማው ትንሹን ገበሬ በማዳበሪያና በምርጥ ዘር ለመርዳት ነበር። ነገር ግን ምርቱ ሲያምር ያየ ባለመሬት ትራክተር ገዝቶ ራሱ ማረስ ጀመረ፤ ጭሰኛውም ለዘመናት ከኖረበት ተነሣ። ትራክተሩ ምን አጠፋ? ያጠፋው ነጂው ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ለሕዝብ ሲታወጅ ትልልቁ የንግድ እርሻ ከነመሣሪያው የመንግሥት ሆነ። ቀጥሎም በ1970ዎቹ ናዝሬት ላይ ከሶቪየት ኅብረት ጋር በመተባበር ትራክተር መገጣጠም ተጀመረ።

ትንሿ የግቢ ትራክተር ግን በገጠር ሥራ አልነበራትም። እዚህና እዚያ ሰፊ ግቢ ባለው መሥሪያ ቤትና ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ አንድ ትገኝ ነበር። እኔ በ1968 ዓ.ም. በተላላኪነት የተቀጠርኩበት መሥሪያ ቤትም አንዲት ነበረችው። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም።

የቀለም ታሪክ

ቀለም ለጌጥ ብቻ የሚመስለው ሰው አለ። ብረት ውሃና አየር ካገኘው ይዝጋል፤ ቀለም ማለት በብረትና በዝናብ መካከል የቆመ ካፖርት ነው። በጥንት ጊዜ የብረቱ የመጀመሪያ ልባስ ከእርሳስ የሚሠራ ቀይ ቀለም ነበር። ዝገት ይከላከላል፣ ግን መርዝ ነው። ከእርሳሱ የተነሣ ሕፃናትም ሠራተኞችም ስለተጎዱ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1978 እርሳስ ያለበትን የቤት ቀለም ከለከለች። ስለዚህ አሮጌ የብረት ዕቃ የምትፍቁ ሰዎች አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ፤ በደረቁም አትፋቁ፣ እያረጠባችሁ ይሁን። አቧራው ሕፃናት በሚጫወቱበት ግቢ አይቅር።

የመኪና ቀለም በፊት በብሩሽ እየተቀባ ለመድረቅ ሳምንታት ይፈጅ ነበር። ፎርድ እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 1925 ሞዴል ቲ የተባለውን መኪና ጥቁር ብቻ አድርጎ ይሸጥ እንደነበር ብዙ ሰው ያውቃል። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ዱኮ የሚባለው ፈጥኖ የሚደርቅ ቀለም መጣና፣ በመርጫ እየተረጨ የፈለጉትን ቀለም በአጭር ጊዜ ማድረስ ተቻለ። ፈርጉሰንም እ.ኤ.አ. በ1933 የሠራት የመጀመሪያዋ የሙከራ ትራክተር ጥቁር ነበረች፤ ኋላ ነው ወደ ግራጫ የሄደው።

አሮጌ ትራክተር ሙሉውን መቀባት ሳያስፈልግ፣ የተላጠውን ቦታ ብቻ ማደስ ይቻላል። አንድ ደኅና ቀለም ቀቢ ያሳየኝ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ በሳሙናና በውሃ ይታጠባል፤ ዘይትና ግራሶ ያለበት ላይ ቀለም አይይዝም። ከዚያ ዝገቱ በሻካራ ካርታ ቬትሮ ብረቱ እስኪያበራ ይፋቃል። ጠርዙ ላይ ያለው አሮጌ ቀለም በለስላሳው እየታሸ ቀጭን ሆኖ ከብረቱ ጋር እኩል ይሆናል፤ አለዚያ አዲሱ ቀለም እንደ ድሪቶ ጥፍ ያስታውቃል። ጎድጎድ ያለ ካለ በስቱኮ ይሞላል። ቀጥሎ የዝገት መከላከያው፣ እሱ ሲደርቅ ዋናው ቀለም ሳሳ ሳሳ ተደርጎ ሁለት ሦስት ጊዜ ይቀባል። አንዴ ወፈር አድርጎ መቀባት ስንፍና ነው፤ ይወርዳል፣ ይጨማደዳል። ቀኑ ብራ ይሁን፣ ነገር ግን ብረቱ ፀሐይ የሚያቃጥለው አይሁን። ቀለሙ እንዲገጥም ከተፈለገ ደግሞ መጀመሪያ አሮጌውን ማጠብና መወልወል ነው፤ ፀሐይ ያነጣው ፊት ሲወለወል ከሥሩ ያለው እውነተኛው መልኩ ይወጣል።

ቀቢው በመጨረሻ አንድ ቃል ነግሮኝ ነበር። «ጌታዬ፣ ከመቀባት በፊት የማይቀባውን ማወቅ ነው» አለኝ። ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም።

የነዳጅ ጌጅ ታሪክ

በመጀመሪያ ጊዜ ጌጅ የሚባል አልነበረም። የሞዴል ቲ ፎርድ የነዳጅ ታንክ ከፊት መቀመጫ ሥር ስለነበር፣ ሾፌሩ መቀመጫውን አንሥቶ፣ ክዳኑን ከፍቶ፣ እንጨት ነክሮ ይለካ ነበር። እንጨቱ የረጠበበት ድረስ ነዳጅ አለ ማለት ነው። ተንቀን የምንተወው ነገር አይደለም፤ እንጨት አይዋሽም።

ከዚያ ከታንኩ ጎን የመስተዋት ቱቦ ተበጀ። ቀጥሎ ተንሳፋፊ መጣ። ይኸውም ነዳጁ ላይ የሚንሳፈፍ የቡሽ ቁራጭ ነው፤ ነዳጁ ሲወርድ ይወርዳል፣ ሲወጣ ይወጣል፤ በእሱ መጠን መርፌው ይዞራል። በብዙ የግቢ ትራክተሮችና ትንንሽ ሞተሮች ላይ ይህ ከክዳኑ ጋር ተያይዞ ይገኛል። ጉድለቱም ቡሹ ሲያረጅ ነዳጅ ይጠጣና ይሰምጣል፤ ታንኩ ሞልቶ ሳለ ባዶ ነኝ ይላል። ቡሹን የሚሸፍነው ቫርኒሽ ደግሞ አልኮል ያለበት ቤንዚን ያሟሟዋል። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2008 አዲስ አበባ ላይ ቤንዚን ከኤታኖል ጋር ተቀላቅሎ መሸጥ ተጀምሮ እንደነበር ይታወሳል።

በመጨረሻ የኤሌክትሪክ ጌጅ መጣ። ታንኩ ውስጥ ተንሳፋፊው የብረት ክንድ ያንቀሳቅሳል፤ ክንዱ በቀጭን ሽቦ ጥቅል ላይ እየተንሸራተተ የኤሌክትሪኩን መንገድ ያጠባል ያሰፋል፤ በዚያ ልክ ሾፌሩ ፊት ያለው መርፌ ይነቃነቃል። ለዚህ ሁሉ ግን ኤሌክትሪኩ ከባትሪው በሽቦ ሄዶ፣ በትራክተሯ ብረት አካል በኩል መመለስ አለበት። ይህን መመለሻ መካኒኮች «ማሳ» ይሉታል። የጣሊያን ቃል ነው እንጂ የእርሻው ማሳ አይደለም። ሆኖም እንደ እርሻው ማሳ ሁሉ፣ ማሳ የሌለው ምንም አያገኝም።

በኛ መሥሪያ ቤት የሆነው

አሁን ወደ ልቤ ነገር ልግባ።

የግቢያችን ትራክተር በቤንዚን የምትሠራ፣ ወደ 12 ሊትር የምትይዝ፣ የኤሌክትሪክ ጌጅ ያላት ነበረች። የሚነዳት አትክልተኛ በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ጋሼ እለው ነበር። ስሙን እዚህ አልጽፍም፤ የሚያውቁት ያውቁታል። የዚህ እድር አባል ነበር፤ ድንኳን ሲተከል ካስማ የሚመታው እሱ ነበር።

በነሐሴ 1976 ዓ.ም. የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ደረሰ። እንደምታስታውሱት ያኔ ያልተቀባ ነገር አልነበረም፤ አጥሩ፣ በሩ፣ የመብራት ምሰሶው፣ የድንጋዩ ጠርዝ ሳይቀር። ትራክተሯም ትቀባ ተባለ። ለአጥር ከመጣው ቀይ ቀለም አራት ጣሳ በሞዴል 22 ወጪ ያደረግሁት እኔ ነኝ። የቀን ሠራተኞቹ ታንኩን ፈትተው አወረዱ፤ ላዩን ታቹን፣ ብሎኑን፣ ሽቦ የሚታሰርበትን ሁሉ ቀቡና መልሰው አሠሩት። አምራ ወጣች። እኔም «ተቀብቷል» ብዬ መዝገብ ላይ ፈረምኩ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የጌጁ መርፌ «ሙሉ» ላይ ተለጠፈ። ነዳጅ ቢኖርም ሙሉ፣ ባይኖርም ሙሉ። በግቢው ሰው ሁሉ ሳቅ ሆነ። «እንደ ሪፖርታችን ነው» የሚልም ነበር፤ ቀስ ብሎ ነው እንጂ። ጋሼ ግን አልሳቀም። ቤንዚን በኩፖን ስለሆነ የእያንዳንዱ ሊትር ተጠያቂ እሱ ነው። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ሰው አስጽፎ ማመልከቻ አመጣልኝ፤ «የትራክተሯ ነዳጅ መለኪያ ስለማይሠራ ይጠገንልኝ» ይላል። እኔ የመለዋወጫ ካርዱን አየሁና «በግምጃ ቤት የለም» ብዬ ጽፌ፣ ማኅተም አድርጌ ፋይል ውስጥ ከተትኩት። ለኃላፊም አላቀረብኩትም። ምን ቸገረኝ፣ ሥራዬ ያለውን አለ፣ የሌለውን የለም ማለት አይደል?

ሰኔ 30 ቀን 1977 ዓ.ም. የበጀት ዓመቱ መዝጊያ ነበር። ቆጠራው ስላላለቀ አምሽተናል። ቆጣሪዎቹ በበርሜል ያለውን ቤንዚን ከጻፉ በኋላ «ታንክ ውስጥ ያለውስ?» አሉኝ። እኔም ወጣ ብዬ፣ «ጋሼ፣ እስቲ ታንኩ ውስጥ ስንት ሊትር እንዳለ እይልኝ» አልኩት።

«ጌጁ እንደሆነ ውሸታም ነው። ቆይ ልየው» አለኝ።

መጠለያው ጨለማ ነበር። ባትሪ መብራት በግምጃ ቤት ነበረኝ፤ ወጪ ሳይሠራለት አልሰጥም። እሱም አልጠየቀኝም። ክዳኑን ከፈተና ክብሪት ጫረ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ብዙ አልጽፍም። ፊቱ፣ ደረቱና እጆቹ ተቃጠሉ። በአሥራ አንደኛው ቀን ዐረፈ። ጡሩምባ ተነፋ፣ ድንኳኑ ተተከለ፤ ካስማውን ሌላ ሰው መታው። ሚስቱና ሦስት ልጆቹ ቀሩ።

በመሥሪያ ቤቱ አጣሪ ኮሚቴ ተቀመጠና «አደጋው የደረሰው በሠራተኛው በራሱ ቸልተኝነት ነው» ብሎ ወሰነ። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔው ነኝ። በዚህም ምክንያት ቤተሰቡ ሊያገኝ የሚገባውን የጉዳት ካሳ ሳያገኝ ቀረ። የጥቅምቱ ማመልከቻ ግን ፋይሌ ውስጥ ነበረ። ጋሼ ችግሩን አስቀድሞ በጽሑፍ እንዳመለከተ የሚያስረዳ ብቸኛ ወረቀት እሱ ነበር። ኮሚቴው አልጠየቀኝም፤ እኔም አላወጣሁትም። ፈራሁ። «ለምን ለኃላፊ አላቀረብክም?» እባላለሁ ብዬ ፈራሁ።

ሐራጅ

ትራክተሯ ከዚያ ወዲህ አልሠራችም። መጠለያው ጥግ ላይ ቆማ፣ ጎማዋ ተበልቶ፣ በ1989 ዓ.ም. በሐራጅ ተሸጠች። የገዛት አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነው። እኔ ንብረት ለማስረከብ አብሬው ቆሜ ነበር። መካኒኩ የራሱን ባትሪ አምጥቶ አስገጠመና ቁልፉን ሲያዞር የጌጁ መርፌ ያው እንደ ድሮው «ሙሉ» ላይ ዘለለ።

«ታንኩ ደረቅ ነው፤ ጌጁ ግን ሙሉ ነኝ ይላል። እስቲ እንየው» አለ።

ከታንኩ የሚወጣውን ሽቦ ፈታና በካቻቢቴ ጫፍ በተፋቀ ብረት ላይ አስነካው። መርፌው ወደ «ባዶ» ወረደ። «ጌጁ ጤነኛ ነው» አለ። ሽቦውን ወደ ቦታው መለሰና ሌላ ቁራጭ ሽቦ ከታንኩ መለኪያ አናት ወደ ትራክተሯ አካል ዘረጋ። መርፌው አሁንም ወርዶ ትክክለኛው ቦታ ላይ ቆመ። «መለኪያውም ጤነኛ ነው። የጠፋው ማሳው ነው» አለና፣ የማሳው ሽቦ የታሰረበትን ብሎን ፈታ። ከሥሩ ብረት የለም፤ ቀይ ቀለም ነው። በቢላው ፋቅ ፋቅ ሲያደርገው ከቀዩ ሥር ብርቱካን፣ ከብርቱካኑ ሥር ግራጫ፣ ከግራጫው ሥር ብረቱ ወጣ። መልሶ አጥብቆ አሠረው። ጌጁ ሠራ።

ሁሉም አንድ ሲጋራ ተለኩሶ እስኪያልቅ ያህል ጊዜ አልፈጀም። አንድ ሳንቲም የሚያወጣ መለዋወጫ አላስፈለገም። «በግምጃ ቤት የለም» ብዬ የመለስኩት ነገር በግምጃ ቤት መኖር ያለበት ነገር አልነበረም። ቢላ ብቻ ነው የሚፈልገው።

«የማይቀባ ቦታ ቀብተውባት ነው» አለ መካኒኩ። የቀለም ቀቢው ቃል ያኔ ትዝ አለኝ። መካኒኩ ለምን እንደማለቅስ አላወቀም።

በዚያው ሳምንት ወደ ጋሼ ቤት ሄጄ ለባለቤቱ የቀለሙን ነገር ነገርኳት። «ተወው ልጄ፣ የእግዜር ፈቃድ ነው» አለችኝ። የማመልከቻውን ነገር ግን ያን ዕለትም አልነገርኳት። እሷም ዐርፋለች፤ ሁለት ዓመት ሆናት፤ የቀበርናት እኛው ነን። እስከ ዛሬ ድረስ ከባለቤቴ በቀር ይህን የሰማ ሰው የለም።

ስለዚህ በዚህ መጽሔት ላይ በጽሑፍ እናገራለሁ፦ ጋሼ ቸልተኛ አልነበረም። መበላሸቱን አይቷል፣ በጽሑፍ አመልክቷል፣ መልስ ያጣው ከእኔ ነው። ልጆቹ ዛሬ የእድራችን አባላት ናቸው። ታላቁን ልጁን ይህ ጽሑፍ ከመታተሙ በፊት አግኝቼ፣ ወረቀቱን በእጁ ሰጥቼ፣ ይቅርታ ጠይቄዋለሁ። ብዙ ዝም ብሎ ቆየና «አባቴ ሰነፍ ነበር ሲሉኝ ነው ያደግሁት። ይታተም» አለኝ። የታተመውም በእሱ ፈቃድ ነው።

እድሩን የሚመለከተው

ቃል እንደገባሁት እድሩና ትራክተሯ እዚህ ላይ ይገናኛሉ። እንደምታውቁት መብራት ሲጠፋ ለድንኳኑ የምንጠቀምበት ጄኔሬተር አለን። እሱም የቤንዚን ነው፤ ክዳኑ ላይ ያለው ጌጅ ከሞተ ቆይቷል። ባለፈው ኀዘን ሌሊት አንድ ልጅ ሻማ ይዞ ታንኩን ሊያይ ሲያጎነብስ ደርሼ ክንዱን ያዝኩት። ልጁ ደንግጦ «ምን አጠፋሁ አባባ?» አለኝ። ምንም አላጠፋም። የነገረው ስለሌለ ነው።

ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ገደማ በሆነ ብርድ እንኳ የሚቀጣጠል ትነት ይሰጣል። ትነቱ ከአየር ስለሚከብድ መሬት ለመሬት ይሄዳል። ሙሉ ከሆነው ታንክ ይልቅ ባዶ መሳዩ ይበልጥ ያስፈራል፤ ባዶ የመሰለን ቦታ በትነት ተሞልቷልና። ናፍጣ ከ50 ዲግሪ በላይ ካልሞቀ እንዲህ አይቀጣጠልም፤ ብዙ ሰው በናፍጣ የለመደውን ድፍረት ወደ ቤንዚን ይዞ ይሄዳል።

ስለዚህ ለኮሚቴው የሚከተለውን አሳስባለሁ።

1ኛ/ ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ ካልሆነ ክዳኑ አይከፈት። ነዳጅም አይጨመር።

2ኛ/ ክብሪት፣ ሻማ፣ ኩራዝና ሲጋራ በአጠገቡ አይድረሱ። ለማየት የእጅ ባትሪ ከክዳኑ ራቅ ብሎ ይበራ።

3ኛ/ ከጄኔሬተሩ ጋር በገመድ የታሰረ፣ በየሊትሩ ምልክት የተደረገበት ንጹሕ እንጨት ይኑር። እኔ አንዱን ልኬ፣ ምልክት አድርጌ አዘጋጅቻለሁ፤ በነጻ አስረክባለሁ።

4ኛ/ የክዳኑ ጌጅ ይለወጥ። በክዳኑ ላይ ያለችው የአየር መተንፈሻ ቀዳዳም ትታይ፤ ከተደፈነች ሞተሩ ነዳጅ እያለው ይጠፋል።

5ኛ/ ጄኔሬተሩ ዘንድሮ ይቀባል ተብሏል። ይቀባ፣ ግን ማሳው የሚታሰርበት፣ የክዳኑ ቀዳዳና የታርጋው ቁጥር በወረቀት ይሸፈኑ። ሲቀባ እኔ ልቁም።

6ኛ/ የእድሩ ዕቃ ተበላሸ ብሎ የሚያመለክት ሰው ቃሉ በመዝገብ ይጻፍ፤ መልሱም በሚቀጥለው ስብሰባ ይነበብ። «የለም» ብሎ ማኅተም መምታት መልስ አይደለም።

የግምጃ ቤት ሰው ስለሆንኩ ነገሬን በቆጠራ እዘጋለሁ። ከ1976 ዓ.ም. መዝገብ ላይ ቀይ ቀለም፣ አራት ጣሳ፣ ወጪ ሆኗል። ከ1977 ዓ.ም. መዝገብ ላይ አንድ ማመልከቻ፣ ያልተመለሰ፣ በእጄ ነበረ። አሁን አስረክቤያለሁ።

የሞቱትን ነፍስ ይማር።